አልፍሬድ ኢልግ፦ ባቡሩን ወጥኖ አዲስ አበባ ሲገባ ያላየው መሐንዲስ

ለገሀር የሚለውን ስም የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ባቡር የምንለውም ቢሆን እንፋሎት ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ተነስቶ በዐረብኛ በኩል ዞሮ የደረሰን ነው ይባላል። ስሞቹን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ባቡሩን አገራችን ለማስገባት ከምኒልክ ጋር ተቀምጦ የወጠነውን መሐንዲስ ግን ብዙዎቻችን በስም እንኳ አናስታውሰውም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ እሱ ነው። ስሙ አልፍሬድ ኢልግ ይባላል፣ ስዊስ ነው። (ለየት አድርጌ ካልጠቀስኩ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ራሴ መሐንዲስ ነኝ፣ የምኖረውም ላስ ቬጋስ ነው። ከሥራ መልስ ማታ ማታ ጓሮዬ ውስጥ ትናንሽ የእንፋሎት ባቡሮች እሠራለሁ። መጫወቻ እንዳይመስላችሁ፤ ውኃ የሚፈላባቸው፣ በጋዝ የሚነዱ፣ ፒስተንና ቫልቭ ያላቸው እውነተኛ ሎኮሞቲቮች ናቸው። የጓሮ ሐዲድ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛ የጅቡቲ መስመር ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። አንዱን ለሌላው ብታካፍሉት 22 ከምናምን ይመጣል፤ የጓሮ ባቡር ሠሪዎች ለሜትር ሐዲድ የሚጠቀሙበት 1 ለ22.5 የሚባለው መጠንም ከዚሁ የመጣ ነው። የስዊስ ተራሮች ባቡርም፣ ከ1890 ጀምሮ ወደ ዳቮስ የሚወጣው ጭምር፣ ብዙው በዚሁ በሜትር ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው። የድሬዳዋን ሎኮሞቲቭ በዚህ መጠን ልሠራ ስነሳ ነው ከኢልግ ጋር የተዋወቅነው።

ኢልግ የተወለደው በመጋቢት 1854 ፍራውንፌልድ በምትባል ትንሽ የስዊስ ከተማ ነው። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ በመካኒካል ምህንድስና ሠለጠነ። በዚያን ጊዜ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ አውሮፓዊ ባለሙያ እንዲፈለግላቸው ኤደን በነበረ የስዊስ የንግድ ቤት በኩል ጠይቀው ነበር። ኢልግ ጥሪውን ተቀብሎ ከሁለት ስዊሳውያን የእጅ ባለሙያዎች ጋር በ1878 ተነሳ። ከባሕሩ ዳር ብዙ ተጉላልቶ፣ በግመል ተጉዞ፣ በ1879 መጀመሪያ አንኮበር ገባ። ዕድሜው 24 ነበር።

እንደሚወራው ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራላቸው ነው፣ ቀጥሎም ጠመንጃ። መሐንዲሱ ጫማ ሠሪ አይደለሁም ብሎ አልተመለሰም፤ ሠርቶ አሳየ ይባላል። ታሪኩ እውነትም ይሁን ተረት፣ ያን ጊዜ መሐንዲስ መሆን ምን ማለት እንደ ነበረ ይነግረናል። ባለሙያው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት መሣሪያውንም ሠራተኛውንም ራሱ መፍጠር ነበረበት። አማርኛ ተማረ፣ አጥርቶም ተናገረ። በ1880ዎቹ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም ከእንጦጦ በቧንቧ ውኃ ወደ ቤተ መንግሥቱ አወረደ።

ይህ የውኃ ሥራ ትንሽ ያዝ ያደርገኛል። ውኃው ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ቆላው ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ግቢው ጉብታ ይወጣል። ምንጩ ከመድረሻው ከፍ ካለ፣ ቧንቧውም ካላፈሰሰ፣ በመሐል ያለው ሸለቆ ምንም ያህል ቢጠልቅ ውኃው ራሱ ገፍቶ ይወጣል። ለእኛ የአንደኛ ዓመት ትምህርት ነው። ሽቅብ የሚፈስ ውኃ አይቶ ለማያውቅ ሰው ግን ተአምር ነበር፤ ኢልግም በንጉሡ ዘንድ የተከበረው በእንዲህ ያሉ ሥራዎቹ ነው። የሐረሩ ነጋዴ የፈረንሳዩ ባለቅኔ ራምቦ ሳይቀር ከእሱ ጋር ስለ ዕቃና ስለ ገንዘብ ብዙ ደብዳቤ ተጻጽፏል።

ባቡሩ ግን የተለየ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ከባሕር ወደ ሸዋ የሚገባ ነገር ሁሉ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ሳምንታት ይጓዛል። ግመል የሚችለው ጭነት ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከባድ ማሽን አይሸከምም። ስለዚህ አገሪቱ ልትገዛው የምትችለው ነገር በግመል ጀርባ ስፋት የተወሰነ ነበር። ምኒልክ በ1889 ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ። በመጋቢት 1894 ለ99 ዓመት የሚቆይ ውል ለኢልግ ሰጡ። መስመሩ በሦስት ክፍል የታሰበ ነበር፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ከፋንና ነጭ ዓባይን። ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ መስመር እንዲዘረጋም በውሉ ተጽፏል።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ውሉን የተቀበለው ሰው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ነው። የባቡሩ ውል በስሙ ነው፤ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሼፍኖ ጋር በ1896 ኩባንያ አቋቋመበት። በመጋቢት 1897 ደግሞ፣ ከዐድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ በሚጎርፉበት ጊዜ፣ ምኒልክ የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ሰጡት። ለመንግሥት እየመከረ ከመንግሥት ጋር ውል ያለው ኩባንያ ባለ ድርሻ ነበር ማለት ነው። ዛሬ የጥቅም ግጭት እንለዋለን። የሚያደንቁት ጸሐፊዎች ይህን ቶሎ ያልፉታል፤ የሚነቅፉት ደግሞ ከዚህ ሌላ አያዩም።

ሥራው በጥቅምት 1897 ጅቡቲ ላይ ተጀመረ። መጀመሪያው ክፍል ከባዱ ነበር፦ ሸለቆዎቹ ከፍ ያሉ የብረት ድልድዮች ይፈልጋሉ፣ የሆልሆሉን ድልድይ ያየ ያውቀዋል። ውኃ የለም፣ ሙቀቱ ያቃጥላል፣ መሬታቸው ሳይጠየቁ የተቆረሰባቸው ኢሳዎችም ሥራውን ደጋግመው አጠቁ። ሙቀት ለባቡር ምን እንደሚያደርግ እኔ ከጓሮዬ አውቀዋለሁ። 30 ሜትር የሆነው የናስ ሐዲዴ ከቬጋስ የክረምት ሌሊት እስከ በጋ ቀትር የ40 ዲግሪ ልዩነት ሲያገኘው 23 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ካልተተወለት ይጣመማል። እስከ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር ብረት ደግሞ በ30 ዲግሪ ልዩነት በድምሩ 280 ሜትር ያህል ይረዝማል። ባቡር ስንሳፈር ቀጨጭ ቀጨጭ የሚለው ድምፅ ያን ርዝመት ከፋፍሎ የሚውጠው ክፍተት ነው።

መስመሩ ሐረር አልገባም። ሐረር ተራራ ላይ ናት፤ ሐዲዱን እዚያ ማውጣት የኩባንያውን ካዝና ባዶ ያደርግ ነበር። ስለዚህ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ፣ ከተራራው ግርጌ፣ 1200 ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ እኛ ድሬዳዋ ብለን እናውቀዋለን። ባቡሩ እዚያ የገባው በታኅሣሥ 1902 ነው።

ምኒልክ ግን ለምረቃው አልሄዱም። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ኩባንያው ገንዘቡ አልቆበት ከለንደን ሰዎች ሲበደር ፓሪስ ደነገጠች። በየካቲት 1902 የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊሰጥ ተስማማ፤ በምላሹም በባቡሩ ላይ ሥልጣን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ አልተጠየቁም። የፈቀዱት የንግድ ኩባንያ ነበር፤ ያገኙት ግን ከጀርባው የሌላ አገር መንግሥት የቆመበት መስመር ነው። ወደ ፊት እንዳይቀጥል ከለከሉ። ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ኢትዮጵያን በተጽዕኖ ክልል የከፋፈሉበትን ስምምነት ሲፈርሙም ባቡሩ ከጉዳዮቹ አንዱ ነበር።

ኢልግ በሁለቱ መሐል ተያዘ። ለፈረንሳዮች ያደላል ተባለ፣ ተሰሚነቱም ቀነሰ። በ1906 ወደ ስዊስ ሄደ፣ በ1907 ሥራውን ለቀቀ። ኩባንያው ከሰረ፤ በ1908 በአዲስ ውል፣ በአዲስ ስም፣ ፍራንኮ-ኢትዮጵያ ተብሎ ተተካ። እሱ የሰበሰበው የኢትዮጵያ ቅርሳ ቅርስና ያነሳው ፎቶግራፍ ዙሪክ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ተቀምጧል። ምኒልክ በታኅሣሥ 1913 አረፉ። ኢልግ በጥር 7 ቀን 1916 ዙሪክ ሞተ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. ነው፤ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ስለ ነበረ የገና ዕለት ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ፈቃጁም ወጣኙም አላዩትም።

ታዲያ ኢልግ ወዳጅ ነው ወይስ ጥቅመኛ? እኔ በበኩሌ ሁለቱም ነው እላለሁ፣ ግን ጥያቄው ራሱ ቁም ነገሩን ይሸፍንብናል ባይ ነኝ። የመስመሩ ድልድዮች ለብዙ አሥርት ዓመታት ባቡር ተሸክመዋል፤ ምህንድስናው አልተሰበረም። የተሰበረው ውሉ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ማን ይከፍላል፣ የሚከፍለውስ በምላሹ ምን ይወስዳል የሚለው በደንብ አልተቋጠረም። ከውጭ የመጣ አንድ መሐንዲስ ቢከዳ ወይም ቢሳሳት የሚያርመው፣ ሒሳቡን አገላብጦ የሚያይ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስም አጠገቡ አልነበረም። ንጉሡ ብልህ ነበሩ፤ ብልህነት ግን የብድር ውልን ጥቃቅን አንቀጽ አያነብም። ከዚህ ያነሰ ትምህርት የወሰድን አይመስለኝም ብል ደስ ይለኝ ነበር። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም ብዙው ገንዘቡ የቻይና ብድር ነው፤ ስለ አከፋፈሉም ከዚያ በኋላ እንደገና መደራደር አስፈልጓል። ባቡሩ አይሠራ ማለቴ አይደለም። ከሐዲዱ እኩል ውሉን የሚያነብ ሰው ይሠልጥን ማለቴ ነው።

የምኖርባትን ከተማም በዚህ ዓይን አያታለሁ። ላስ ቬጋስ የካዚኖ ልጅ ትመስላለች እንጂ እንደ ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በረሃ ሲያቋርጥ ውኃ ይፈልጋል፤ እዚህ ምንጭ ስለ ነበረ ሴናተር ዊልያም ክላርክ የሚባል ሀብታም የባቡር ኩባንያው መሬቱን በግንቦት 15 ቀን 1905 በጨረታ ሸጠ፣ ከተማ ሆነ። ድሬዳዋ ከተቆረቆረች ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። የምንኖርበት ካውንቲ እስከ ዛሬ በክላርክ ስም ይጠራል። በድሬዳዋ በኢልግ ስም የሚጠራ ከተማም አውራጃም የለም። ክላርክ የባቡሩ ባለቤት ነበር፣ ኢልግ ግን የሁለት ጌታ አገልጋይ ነበር፤ ልዩነቱ ከዚህ ይመስለኛል።

እኛ ደግሞ ኢልግ በሄደበት መንገድ ወደ ኋላ የመጣን ነን። እሱ ከሠለጠነበት አገር ወጥቶ እኛ ዘንድ 27 ዓመት ያህል ሠራ፤ እኛ ከእኛ ዘንድ ወጥተን ባዕድ አገር እየሠራን ነው። ከመካከላችን ውል ማንበብ የሚችል ሒሳብ ሠሪ፣ ጠበቃ፣ መሐንዲስ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። አገር ቤት ትልቅ ውል ሲፈረም በሰማን ቁጥር በስልክ ከመከራከር ይልቅ ጽሑፉን አግኝተን አንብበን፣ ያየነውን በግልጽ ብንጽፍ፣ ምኒልክ ያጡትን ያንን ሁለተኛ ዓይን በትንሹም ቢሆን እንተካ ነበር። ይህን ለመጀመር ፍላጎት ያላችሁ ካላችሁ እኔ ከሚያነቡት አንዱ ለመሆን ፈቃደኛ ነኝ።

ቸር ይግጠመን።