ልኩ ያልተጻፈ ዕዳ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ለብርቱ ጉዳይ እንደሚፈልገኝ ደውሎ ነግሮኝ መገናኛ ከሚገኝ አንድ ቡና ቤት ተቀጣጠርን፡፡ ልጁ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቆ እዚያው ለማስተማር ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነው፡፡ አሁን ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ የሚሄድበት ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቷል፡፡ ደስታዬን ገልጬ ሳልጨርስ ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ፡፡ የዋስትና ውል ነው፡፡ ተምሮ ካልተመለሰና በውሉ የተባለውን ዓመት ካላገለገለ፣ መሥሪያ ቤቱ ያወጣበትን ገንዘብ የምከፍለው እኔ ነኝ ማለት ነው፡፡

ሕግ የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቁጥሩን ነው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው ፈራሽ ነው ይላል፡፡ ማንም ሰው ልኩን በማያውቀው ዕዳ አይታሰር ማለቱ ነው፡፡ ጥሩ ሕግ ነው፡፡ በልጁ ወረቀት ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፤ ለእኔ አቅምም ከበድ ይላል፡፡ አሳድሬ እንደምመልስለት ነግሬው ወጣን፡፡ እሱ ወደ ኮተቤ ለሚሄደው ታክሲ ተሰለፈ፡፡ እኔ ግን ሰልፉን እያየሁ፣ በዚያው አቅጣጫ ከሰባ ዓመት በላይ በፊት ይመላለስ የነበረ ሌላ ተማሪ ትዝ አለኝ፡፡ እሱም መንግሥቱ ለማ ነው፡፡

መንግሥቱ ለማን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በተውኔቶቻቸውና በግጥሞቻቸው ነው፡፡ ይህ ጽሑፍ ግን የሚያተኩረው በሌላው ማንነታቸው፣ ይኸውም ከኮተቤ ተነስተው ለንደን ድረስ ተልከው በተማሩትና በተመለሱት ሰው ላይ ነው፡፡

ታሪኩ የሚጀምረው ከአባታቸው ነው፡፡ አለቃ ለማ ኃይሉ ከልጅነት እስከ ጎልማሳነት በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከጉባኤ ጉባኤ እየዞሩ የተማሩ፣ ኋላም ሐረር ገብተው የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፡፡ የዚያ ዘመን ተማሪ አንዱ መምህር ያለውን ሲጨርስለት ሌላ መምህር ፍለጋ ወንዝ ተሻግሮ ይሄዳል፡፡ ማዕረጉን የሚያውቀው መምህሩ እንጂ ወረቀት አይደለም፡፡ የትምህርቱን ወጪ የሚሸፍንለትም ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ በየደጃፉ ሲቆም ቁራሽ የሚሰጠው ገበሬ ነው፡፡ ዋስ አልተጠራም፤ ውልም አልተፈረመም፡፡ ነገር ግን ሊቅ ሆኖ ወንበር የዘረጋ ሁሉ በተራው ሌሎችን ያስተምር ነበር፡፡ ዕዳው የሚከፈለው በዚህ መንገድ ነው፡፡

ልጃቸው መንግሥቱም በመጀመሪያ የቀመሱት ይህንኑ ትምህርት ነው፡፡ ዳዊት ደግመው ቅኔ ተቀኝተዋል፡፡ በኋላ ነው ወደ ዘመናዊው ትምህርት ተሻግረው ኮተቤ ወደሚገኘው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገቡት፡፡

ይህ ትምህርት ቤት የተከፈተው ጣሊያን ከተባረረ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም. ነው፡፡ ኮተቤ ያኔ እንደ ዛሬው የከተማው አካል አልነበረም፤ ከእንጦጦ ሰንሰለት ሥር፣ ከከተማ ወጣ ያለ ገጠር ነበር፡፡ ተማሪዎቹ ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጠው የመጡ፣ እዚያው እያደሩ የሚማሩ ናቸው፡፡ ያ ትውልድ የማንን ቦታ እንዲተካ እንደታጨ ማስታወስ ያስፈልጋል፡፡ ከወረራው በፊት በውጭ አገር ተምረው ከተመለሱት ወጣቶች ብዙዎቹ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ እየተለቀሙ ተገድለዋል፡፡ አገሪቱ ነፃ ስትወጣ መሥሪያ ቤቶቿን በተማረ ሰው ለመሙላት እንደ አዲስ መጀመር ነበረባት፡፡ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው፡፡ ከዚያ በፊት ከኮተቤ በጥሩ ውጤት ለጨረሰ ልጅ ከፍተኛ ትምህርት ማለት ባሕር መሻገር ነበር፡፡

መንግሥቱ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ ወደ እንግሊዝ ተላኩ፡፡ በመጀመሪያ ሬጀንት ስትሪት ፖሊቴክኒክ፣ ቀጥሎም ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ገቡ፡፡ የደረሱበት ለንደን ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና ያልወጣች፣ ምግብ በራሽን የሚታደልባት ከተማ ነበረች፡፡ የሌበር ፓርቲ መንግሥት ለዜጎቹ ሁሉ ነፃ ሕክምና የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው፡፡ ህንድ ነፃ ወጥታለች፤ ከአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች የመጡ ተማሪዎችም የራሳቸው ተራ መቼ እንደሚደርስ በየአዳራሹ ይከራከራሉ፡፡ የቅኔ ቤቱ ልጅ በዚህ መሀል ፋቢያን ከሚባሉት ሶሻሊስቶች አስተሳሰብና ከበርናርድ ሾው ተውኔቶች ጋር ተዋወቁ፡፡ ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበር ጋርም ስለ አገራቸው ጉዳይ መጻፍና መወያየት ያዙ፡፡ ኢኮኖሚክስ ሊማሩ የተላኩት ወጣት ከክፍል ውጭ የተማሩት ከክፍሉ ሳይበልጥ አልቀረም፡፡

የላካቸው መንግሥት የፈለገው ጽሕፈት ቤት የሚያደራጅ ሹም ነበር፡፡ የተመለሱት ግን የላኪውን ሥርዓት ጭምር የሚጠይቅ አእምሮ ይዘው ነው፡፡ ነፃ የትምህርት ዕድል ለሰጪውም ለተቀባዩም እንዲህ ያለ አደጋ አለው፡፡ ተማሪ ስትልክ ምን ይዞ እንደሚመጣ በውል አታስገባውም፡፡

በ1940ዎቹ አጋማሽ ተመልሰው በመንግሥት ሥራ ላይ ተሰማሩ፡፡ ኋላም በህንድ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተመድበው ዓመታትን በኒው ዴልሂ አሳለፉ፡፡ በሰው አገር ሆነው ስለ አገራቸው ጻፉ፡፡ «ጠልፎ በኪሴ» የጠለፋ ጋብቻን ያሳቀበት ተውኔት የእርሳቸው ነው፡፡ ከቅኔ ቤት ያመጡት የቃል ጨዋታና ከለንደን ያመጡት የኮሜዲ አሠራር አንድ መድረክ ላይ ተገናኝተዋል፡፡ «ባሻ አሸብር ባሜሪካ» በሚለው ግጥማቸው ደግሞ አገሩ ላይ የተከበረ አንድ ኢትዮጵያዊ አሜሪካ ሄዶ በቆዳው ቀለም የተነሳ የሚደርስበትን ጉድ ተርከዋል፡፡ ውጭ አገር መሄድን እንደ ገነት መግባት ለሚቆጥር አንባቢ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ይመስላል፡፡

ለእኔ የሁሉም ቁንጮ ግን «ያላቻ ጋብቻ» ነው፡፡ ዋናው ሰው ባሕሩ ይባላል፡፡ ከትልቅ ቤተሰብ የተወለደ፣ ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ ወጣት ነው፡፡ ዘመዶቹ የሚጠብቁት ሹመትና ከባላባት ቤት የሚመጣ ሚስት ነው፡፡ እሱ ግን ከተማውን ትቶ ገጠር ገብቶ ያስተምራል፤ የሚያገባውም የቤት ሠራተኛውን ነው፡፡ ተመልካቹ በዘመዶቹ ድንጋጤ ይስቃል፡፡ ሳቁ ሲበርድ ግን ጥያቄው ይቀራል፡፡ አገር ከፍሎ ያስተማረው ሰው ትምህርቱ ከከፈለለት ሕዝብ በላይ እንዲያወጣው ነው ወይስ ከሕዝቡ ጋር እንዲያስተካክለው? ይህ ጥያቄ ከውጭ ለሚመለሰው ብቻ አይደለም፡፡ ከስድስት ኪሎም ሆነ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የማዕረግ ወረቀት ይዘን ለወጣነው፣ በየቢሮው ባለጉዳይ ለምናጉላላው ሁሉ ነው፡፡

አቶ መንግሥቱ ራሳቸው እንደ ባሕሩ ገጠር ገብተው አልኖሩም፡፡ ዲፕሎማት ነበሩ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተቀብለዋል፡፡ ዕዳቸውን የከፈሉት በሌላ በኩል ነው፡፡ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይህን በግልጽ የሚያሳየኝ በ1959 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፈ ትዝታ ነው፡፡ ልጅየው የአረጋዊ አባታቸውን ትዝታ በቴፕ ቀርጸው፣ ቃሉን ሳያጠፉ ወደ ጽሑፍ መለሱት፡፡ የተማሪ ቤት ረሃቡ፣ የመምህራኑ ቀልድ፣ የነገሥታቱ ወሬ ሁሉ በአለቃ ለማ አንደበት ተቀመጠልን፡፡ ለንደን የተማረ ሰው ከፊደል ውጭ የነበረውን የአባቱን ዩኒቨርሲቲ መዘገበ ማለት ነው፡፡ ቅኔ ቤቱን በገበሬ ቁራሽ የተማሩት አባትና ለንደንን በመንግሥት ገንዘብ የተማሩት ልጅ የበሉት ከአንድ ሞሰብ መሆኑን የተረዱ ይመስለኛል፡፡ የመንግሥት ገንዘብ የሚባለውም ዞሮ ዞሮ የዚያው ገበሬ ግብር ነውና፡፡

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወንበር ዘረጉ፡፡ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል አስተማሪ ሆነው፣ ከለንደንም ከቅኔ ቤትም የሰበሰቡትን ለወጣቶች አካፈሉ፡፡ የፕሪስትሊንና የቼኾቭን ሥራዎችም ወደ አማርኛ መልሰው ያገር ሰው አስመስለዋቸዋል፡፡ ያረፉት በ1980 ዓ.ም. ነው፡፡

ኮተቤ ዛሬም የትምህርት ሠፈር ነው፡፡ ለዓመታት የመምህራን ኮሌጅ ነበረበት፤ ኮሌጁ አድጎ አሁን የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፡፡ ከመገናኛ ወደዚያ የሚሰለፈው ወጣት ግማሹ የውጭ ትምህርት ዕድል ማስታወቂያ በስልኩ ሲያስስ ብናይ አይገርምም፡፡ ልንኮንነው አይገባም፡፡ አስተማሪ ደመወዙ ከወር ወር በማያደርስበት አገር መሄድን ማሰብ ኃጢአት አይደለም፡፡ የሄደ ሁሉም ከሃዲ፣ የተመለሰ ሁሉም አርበኛ አይደለም፡፡ ተመልሶ አገሩን ያልጠቀመ አለ፤ ባሕር ማዶ ቀርቶም በሙያው የሚረዳ አለ፡፡ ሕግ የሚለካው ግን የአካል መመለስንና የአገልግሎት ዓመትን ነው፡፡ ከዚያ በላይ መለካት አይችልም፤ ባይሞክርም ይሻላል፡፡

የመንግሥቱ ለማ ሕይወት የሚያሳየኝ ሕግ ሊለካው የማይችለውን ሌላውን ዕዳ ነው፡፡ እሱም የተማሩትን ከፍሎ ላስተማረው ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ መመለስ ነው፡፡ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዓይን ሲታይ ልኩ ያልተገለጸ ስለሆነ ፈራሽ ነው፡፡ ማንም ፍርድ ቤት አያስከፍለውም፤ ዋስም አይጠራበትም፡፡ የሚከፍለው የፈለገ ብቻ ነው፡፡

በማግሥቱ ወረቀቱን ፈርሜ ለልጁ ሰጠሁት፡፡ ከወረቀቱ ጋር ዳሩ የተበላ የራሴን «ያላቻ ጋብቻ» ጨመርኩለት፡፡ ብሩን ቢያስከፍለኝ ከፍዬ እገላገላለሁ፡፡ ለሌላኛው ዕዳ ግን ዋስ መሆን የምችል አይደለሁም፡፡ እሱን ራሱ ይወቅበት፡፡