ከበሩ ውጭ የቀረው ልጅ

እ.ኤ.አ. በ1902 ፍራንሲስ ጆንስተን የተባለች ፎቶግራፍ አንሺ በአሜሪካ፣ በትንሿ የአላባማ ከተማ በቱስኪጊ ያነሳቻቸው ፎቶዎች ተማሪዎች ጣራ ላይ ወጥተው የገዛ ትምህርት ቤታቸውን ሕንፃ ሲሠሩ ያሳያሉ።

ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው ቡከር ዋሽንግተን በ1856 በባርነት ተወለደ። በልጅነቱ የጌታውን ልጅ መጻሕፍት ተሸክሞ እስከ ትምህርት ቤት በር ይሸኛት ነበር፤ ለእሱ ግን መግባት ክልክል ነው። ነጻ ከወጣ በኋላ በጨው ማምረቻና በከሰል ጉድጓድ እየሠራ ተማረ። በ1881 የመምህራን ማሠልጠኛውን በ30 ተማሪዎች ጀመረ። ቤቱ ስለሚያፈስ ዝናብ ሲመጣ አንድ ተማሪ ጃንጥላ ይይዝለት ነበር። ጡብ መተኮሱ ሦስቴ ከሸፈባቸው፤ ሰዓቱን በ15 ዶላር አስይዞ አራተኛ ሞከረ፣ ተሳካ! በ1915 አረፈ።

እጩ መምህራን ጓደኞቼ፣ ነገ የምንመደብበት ክፍል ጣራው ቢያፈስ እንጠግነዋለን። ከበሩ ውጭ የቀረ ልጅ ካለ ግን መጀመሪያ እሱን እናስገባ።