ከማዕድን ምሕንድስና ወደ ብርሃን ጥበብ፤ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሕይወትና የመስተዋት ሥራ

ከጦር ኃይሎች ብዙም ሳይርቅ፣ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሰፈር፣ ቪላ አልፋ የሚባል ቤት ይገኛል። ባለቤቱ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ከአክሱም፣ ከጎንደርና ከሐረር የሕንጻ ጥበብ ቀንሰው ራሳቸው የነደፉት ሲሆን፣ መኖሪያቸውም፣ መሥሪያቸውም፣ የሥራዎቻቸው ማሳያም ነበረ። እኛ መሐንዲሶች እኒህን ሰው ከሙያችን አጥር ውጭ የቆሙ ሠዓሊ ብቻ አድርገን መቁጠር ለምደናል። ታሪካቸው ግን የሚጀምረው ከእኛው ሙያ ደጃፍ ነው።

አፈወርቅ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ልጅነታቸው በጠላት ወረራ ዘመን ያለፈ በመሆኑ የፈረሰ ቤትና የተጎዳ ወገን እያዩ አደጉ። አገር ነጻ ከወጣች በኋላ የሚያስፈልጋት ገንቢ እጅ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ ተማሪዎቹን ሲያሰናብቱ፣ ተመልሰው ያዩትን ረጅም ሕንጻ እንዲተርኩ ሳይሆን አገር የሚሠሩበትን ዕውቀት ይዘው እንዲመጡ እንዳሳሰቧቸው ይነገራል።

ይህን አደራ ተሸክሞ የሄደ ወጣት ሙያውን መለወጥ እንደ ዛሬው ቀላል ነገር አልነበረም። በትምህርት ቤት ሳሉ ግን መምህራኖቻቸው የሥዕል ተሰጥዎአቸውን ስላስተዋሉ አበረታቷቸው። አፈወርቅም ምሕንድስናውን ትተው በለንደን ማዕከላዊ የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቀጥሎም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽንና የሕንጻ ጥበብን አጠኑ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው ክፍላተ ሀገሩን ከጎበኙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያውን የግል ትርኢታቸውን በአዲስ አበባ አሳዩ። በትርኢቱ ባገኙት ገንዘብም እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው ለሁለት ዓመት ያህል ተማሩ። በዚህ ጉዞአቸው በታላላቅ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን ጥንታውያን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎች መረመሩ፤ ባለቀለም የመስተዋት መስኮት እንዴት እንደሚነደፍና እንደሚሠራም ጠንቅቀው አወቁ።

ይህ ጥበብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። መስኮቱ በመጀመሪያ በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት ላይ ይነደፋል። እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለማያያዣው የሚሆን ክፍተትም አስቀድሞ ይታሰባል። በጥንታዊው ዘዴ የተቆረጠው መስተዋት በሁለት ጎኑ ቦይ ባለው የእርሳስ ማዕድን ጥብጣብ ውስጥ ይገባና መገናኛዎቹ ይበየዳሉ። እርሳስ ለስላሳ ስለ ሆነ ሰፊውን መስኮት ብቻውን አይሸከምም፤ ስለዚህ የነፋሱን ግፊት የሚቀበል የብረት አግዳሚ ይታከልለታል። ሙቀት ሲያሰፋውና ብርድ ሲያኮማትረው እንዳይሰነጠቅም መላወሻ ይተውለታል። ቀለሙን የሚሰጡት ደግሞ ማዕድናት ናቸው፤ ኮባልት ጥልቅ ሰማያዊ፣ ብረት አረንጓዴ፣ ማንጋኒዝ ሐምራዊ ያደርጉታል። ማዕድን ከመሬት ሆድ ማውጣት እንዲማር የተላከው ወጣት፣ በመጨረሻ ያንኑ ማዕድን ለፀሐይ ገልጦ አሳየ ማለት ይቻላል።

የዚህ ዕውቀት ታላቅ ፍሬ የታየው በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። ሕንጻውን የነደፉት ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ሲሆኑ፣ አፈወርቅ ደግሞ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውን፣ በሦስት የተከፈለውን የመስተዋት ሥዕል ሠሩለት። ሥዕሉ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ የነጻነት ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዝናቸው የታወቀ ስለ ሆነ ባጭሩ ልለፈው። በሐረር እስከ 2012 ዓ.ም. ቆሞ የነበረው የራስ መኰንን ሐውልት የእጃቸው ሥራ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት በሥነ ጥበብ ተቀበሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ የራሳቸውን ምስል የሣሉበት ሥዕል በፍሎሬንስ ከተማ በኡፊዚ ቤተ መዘክር ቋሚ ስብስብ ውስጥ ገባ። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ለሙያ ባልደረቦቼ ላነሣው የምፈልገው ነገር ይህ ነው። እኔ በሠራሁበት አንድ ሕንጻ ላይ ሠዓሊ የተጠራው ግድግዳው ተለስኖ ካለቀ በኋላ ነበር። መስኮቶቹ ለተራ መስተዋት ታስበው ስለ ነበር፣ የታሰበውን ክብደት የሚሸከም ክፈፍ አልተገኘም፤ ሐሳቡም በወረቀት ቀረ። ጥፋቱ የእኔም ነበረ፤ ጌጥን ከስሌት በኋላ የሚመጣ ነገር አድርጌ እቈጥር ነበርና። በአፍሪካ አዳራሽ ግን ብርሃኑና ግድግዳው አንዱ ለሌላው የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ መስተዋቱን ከሕንጻው ነጥሎ ማሰብም ያስቸግራል።

አዳራሹ ከስልሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል፤ መስተዋቱም የእድሳቱ ተካፋይ ሆኗል። አንዱ ትውልድ የሠራውን ሌላው ካልጠገነው አይዘልቅምና፣ ይህም ራሱን የቻለ የምሕንድስና ግዴታ ነው። አፈወርቅ የተላኩበትን ሙያ ይዘው አልተመለሱም፤ አደራውን ግን በሌላ መንገድ መልሰዋል። ከእንግዲህ የሕንጻ ንድፍ በጠረጴዛችን ላይ ስንዘረጋ፣ ከመጀመሪያው መስመር በፊት ለሠዓሊውም ወንበር ብንስብለት የእኒህን ሰው ሕይወት በሚገባ አነበብን ማለት ነው።