ራስ አበበ አረጋይ፤ የከተማ ጸጥታ ሹምና የዱር አርበኛ

የመንግሥት ሹመት የሚፈተነው በሰላም ቀን ሳይሆን ሿሚው በሌለበት ቀን ነው። ደመወዝ ከፋይ፣ ትእዛዝ ሰጪና ተቆጣጣሪ በጠፋ ጊዜ ሹሙ የተጣለበትን ኃላፊነት ይዞ የሚቆይ ከሆነ ሥራው ከእንጀራ ማግኛነት በላይ እንደ ነበረ ይታወቃል። በ1928 ዓ. ም. የአዲስ አበባ የጸጥታ ኃይል አዛዥ የነበሩት፣ በኋላም ራስ ተብለው እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት የደረሱት የአበበ አረጋይ ታሪክ ከዚህ ፈተና ጋራ የተያያዘ ነው።

አበበ አረጋይ በ1895 ዓ. ም. በሸዋ ተወለዱ። አባታቸው አፈ ንጉሥ አረጋይ ይባሉ ነበር፤ አፈ ንጉሥነት በዚያ ዘመን የዳኝነት ከፍተኛ ማዕርግ ነበረ። በእናታቸው ወገን ደግሞ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በጦር አዛዥነቱ የታወቀው የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ነበሩ። እንግዲህ በአንድ በኩል ከፍርድ፣ በሌላው በኩል ከጦር ወገን መወለዳቸው ነው። እርሳቸው ግን ጎልማሳ ሆነው ስማቸው መጀመሪያ የታወቀው በከተማ ጸጥታ ጥበቃ ነው። የኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ባላምባራስ ተብለው የአዲስ አበባን ፖሊስ ያዝዙ ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ወደ ጅቡቲ ተጓዙ። ከሰሜን ጦር ግንባር የተመለሰው ወታደር ከነጠመንጃው በከተማው ውስጥ ይዞር ነበርና፣ መንግሥት አለመኖሩ እንደ ተሰማ ሱቆች ተዘረፉ፣ ቤቶችም ተቃጠሉ። የውጭ አገር ሰዎች ወደየሌጋሲዮናቸው ገብተው ተሸሸጉ። ብዙ ነጋዴዎች የዕድሜ ልክ ሀብታቸውን በሦስት ቀን ውስጥ አጡ። ለሰላም ጊዜ የተደራጀው አነስተኛ የፖሊስ ኃይልም መሣሪያ የያዘውን ብዙ ሕዝብ ሊገታ የሚችል አልነበረም። ሚያዝያ 27 ቀን ማርሻል ባዶሊዮ ከተማውን ያዘ።

በዚያ ሰዓት ለአንድ የፖሊስ አዛዥ ሦስት መንገዶች ተከፍተውለት ነበር። የመጀመሪያው ወደ ውጭ አገር መሰደድ ነው። ሁለተኛው ለአዲሱ ገዥ አድሮ ሹመቱን ማስጠበቅ ነው፤ ኢጣልያኖችም ከተማውን የሚያውቅ ሹም ያስፈልጋቸው ነበር። ባላምባራስ አበበ የመረጡት ግን ሦስተኛውን ነው። ከተከተሏቸው ሰዎች ጋራ መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ ጅሩ ምድር ወጡ።

ከጥቂት ወራት በኋላም ወደ ለቀቁት ከተማ ተመልሰው በጦር ገቡ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ. ም. ደጃዝማች አበራ ካሣና ሌሎች የአርበኞች አለቆች አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለመምታት በተስማሙ ጊዜ፣ የአበበ አረጋይ ጭፍራ ከአጥቂዎቹ አንዱ ነበረ። ነገር ግን ክረምት ነበርና ወንዙ ሞልቶ፣ መንገዱም ጨቅይቶ ስለ ነበር ጦሩ በአንድ ሰዓት ለመገናኘት አልቻለም፤ እርስ በርስ የሚላላክበትም መሣሪያ አልነበረውም። ስለዚህ ጥቃቱ ሳይሳካ ቀረ። በማግሥቱ ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ። በታኅሣሥ 1929 ዓ. ም. ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በፍቼ ተገደሉ። ራስ እምሩ በዚያው ወር ተማረኩ፤ ራስ ደስታ ዳምጠውም በየካቲት ተረሸኑ። እንዲህ ሆኖ የትልልቆቹ መሳፍንት ጦር ሲያልቅ፣ የትግሉ ሸክም ዝቅ ባለ ማዕርግ ላይ በነበሩ ሰዎች ጫንቃ ላይ ወደቀ። ከእነዚህም አንዱ የቀድሞው የፖሊስ አዛዥ ነበሩ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት የኤርትራ ተወላጆች አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ከአዲስ አበባ ካመለጡ በኋላ ከአበበ አረጋይ ሠፈር ደርሰው ለጊዜው ከአርበኞቹ ጋራ ቆዩ። ከዚያም ወደ ሱዳን ለመሻገር ሲጓዙ በመንገድ ተገደሉ። ከመረብ ማዶ የመጡ ሁለት ወጣቶች በሸዋ ተራራ መጠጊያ ማግኘታቸው ትግሉ የአንድ አውራጃ ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል። በኢጣልያ ጦር ውስጥ ያገለግሉ ከነበሩት የኤርትራ ወታደሮችም መካከል ከነመሣሪያቸው ለአርበኞች የገቡ ብዙዎች ነበሩ።

የአርበኞቹ ኑሮ እጅግ የከበደ ነበረ። በመንዝ፣ በጅሩ፣ በመርሐ ቤቴና በተጉለት ተራሮች መካከል ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር። ጥይቱ በአብዛኛው ከጠላት የተማረከ ነበር። መድኃኒት፣ ልብስና ወሬ የሚላክላቸው በከተማ ውስጥ ሆነው በስውር ከሚሠሩት፣ የውስጥ አርበኞች ከሚባሉት ወንዶችና ሴቶች ነበር። እህሉን የሚሰጠው ገበሬው ነው፤ ስለ ሰጠውም ቤቱ የሚቃጠልበት፣ ከብቱም የሚነዳበት ይኸው ገበሬ ነው። ለጎጃምና ለበጌምድር አርበኞች የሱዳን ጠረፍ ቅርብ ነበር። ሸዋ ግን በመካከል አገር ስለሆነ ዙሪያውን በጠላት ምሽግ የታጠረ ነበር። ስለዚህ የአበበ አረጋይ ጦር ለብዙ ዓመት ያለ ውጭ እርዳታ ቆየ።

ከሁሉ የሚከፋው መከራ በሚያዝያ ወር 1931 ዓ. ም. በዘረት ዋሻ የደረሰው ነው። ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት የነበሩበት የአበበ አረጋይ ጦር ጓዝ ክፍል በሰሜን ሸዋ በሚገኘው በዚህ ዋሻ ተጠግቶ ሳለ የኢጣልያ ጦር ከበበው። ዋሻው በመድፍ አልደፈር ባለ ጊዜ የመርዝ ጋዝ ተጣለበት። ከዚያም እጃቸውን የሰጡት ወንዶች ተረሸኑ። የሞቱት በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ናቸው። ይህ ነገር በውጭው ዓለም ዘንድ ለረዥም ጊዜ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣልያዊ የታሪክ ተመራማሪ የሠራዊቱን መዛግብት መርምሮ፣ ስፍራውንም አይቶ፣ በ1998 ዓ. ም. ለዓለም ገለጠው። በውጊያ የቆሰለ ወታደር ሐኪም ቤት በሌለበት አገር የመጨረሻ መጠጊያው ዋሻ መሆኑን፣ ዋሻውም መቃብር ሊሆን መቻሉን የዘረት ታሪክ ይመሰክራል።

ግራዚያኒ ተነሥቶ የአኦስታው መስፍን በተተካ ጊዜ የኢጣልያ መንግሥት በጦር ያላገኘውን በድርድር ለማግኘት ሞከረ። በ1931 እና በ1932 ዓ. ም. ጄኔራል ናዚ ከአበበ አረጋይ ጋራ በመልእክተኞች ብዙ ተነጋገረ፤ የሚገቡበትም ቀን እስከ መወሰን ተደረሰ። ነገር ግን ቀኑ ሲደርስ አልገቡም። ይህን አድራጎት አንዳንዶች እንደ መወላወል ቈጥረው ይነቅፉታል። ሌሎች ደግሞ የደከመ ጦር ያረፈበት፣ ስንቅና ጥይትም የሰበሰበበት ብልሃት ነው ይላሉ። እጃቸውን በምሕረት ስም ሰጥተው በፍቼ የተገደሉትን ያስታወሰ ሰው ግን ጥንቃቄያቸው ከምን እንደ መጣ ለመረዳት አይቸግረውም።

ኢጣልያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ. ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ አገር ወደ ካርቱም መጥተው ዝግጅት ካደረጉ በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ. ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ሚያዝያ 27 ቀን፣ አዲስ አበባ በተያዘች በአምስተኛው ዓመት፣ ወደ ዋና ከተማቸው ሲገቡ የአበበ አረጋይ አርበኞች ጠጕራቸውን እንዳጐፈሩ በብዙ ሺህ ተሰልፈው ተቀበሏቸው። አንዲት ከተማ እንዲጠብቁ የተሾሙት ሰው፣ ከተማይቱ ለባለቤቷ ስትመለስ በስፍራቸው ተገኙ።

ከዚህ በኋላ ራስ አበበ በታላላቅ ሥልጣን አገለገሉ። በ1935 ዓ. ም. በትግራይ የወያኔ ዐመፅ በተነሣ ጊዜ የጦር ሚኒስትር እንደ መሆናቸው ጦሩን ያዘዙ እርሳቸው ናቸው። በመስከረም 1936 ዓ. ም. በአምባ አላጌ አካባቢ ከባድ ውጊያ ተደረገ። ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አይሮፕላኖችም መቀሌን በቦምብ ደበደቡ። ዐመፁ ተሸነፈ፤ የሽንፈቱ ዋጋ ግን ለገበሬው ከባድ ሆነ፤ ግብርና ቅጣት ተጫነበት። ራስ አበበም እስከ 1939 ዓ. ም. ድረስ ትግራይን ገዙ። በሸዋ የገበሬውን እንጀራ እየበሉ አምስት ዓመት የታገሉት ሰው፣ በትግራይ ገበሬ ዘንድ በሌላ ስም መታወሳቸውን ታሪክ ጸሓፊ ሊሸሽገው አይገባም።

ቀጥሎም የአገር ግዛት ሚኒስትር ሆኑ። የፖሊስ ሠራዊት ከ1934 ዓ. ም. ጀምሮ በአዋጅ ለዚህ ሚኒስቴር ተጠሪ ስለ ነበር፣ በዚህ ሹመት ወደ መጀመሪያ ሥራቸው ተመለሱ ማለት ነው። ከዚያ የመከላከያ ሚኒስትርነትን ያዙ፤ ከኅዳር 1950 ዓ. ም. ጀምሮም በጠቅላይ ሚኒስትርነት ሠሩ።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት አስነሡ። ሚኒስትሮቹና መኳንንቱ እቴጌ ታመዋል ተብለው ተጠርተው ተያዙ። የፖሊስ ሠራዊት አዛዥ ጄኔራል ጽጌ ዲቡም ከዐመፀኞቹ ወገን ነበሩ። የጦር ሠራዊት ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በተቃረበ ጊዜ እስረኞቹ በተያዙበት ክፍል ውስጥ ተኵስ ተከፈተባቸው። ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ፣ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊና ሌሎችም በዚያ ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ በካርቱምና በአስመራ በኩል ሲመለሱ የጠበቃቸው የሐዘን ቤት ነበር። ያ ቤተ መንግሥት ብዙም ሳይቆይ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ዛሬም ተማሪዎች ይመላለሱበታል።

የጠላት ጥይት አምስት ዓመት ሙሉ የሳታቸው ሰው፣ ቤተ መንግሥት እንዲጠብቅ በተሾመ ሠራዊት ጥይት ወደቁ። የራስ አበበ ሕይወት ለሹም ሁሉ የሚተወው ትምህርት ከሁለቱም ዳር ይገኛል። በ1928 ዓ. ም. መንግሥት ሳይኖር አንድ የፖሊስ አዛዥ አደራውን ጠበቀ፤ በ1953 ዓ. ም. መንግሥት ሳለ ጠባቂዎቹ አደራውን ለወጡት። ስለዚህ የመሣሪያ ብዛትም ሆነ የማዕርግ ከፍታ ለአገር ጸጥታ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ መሣሪያውን የያዘው ሰው አደራውን የሚያውቅ እንደ ሆነ ነው እንጂ።