ሄንሪ ቤንስ ጆንስ፦ የመጀመሪያው የካንሰር ፕሮቲን ምልክት እና ባለ ስሙ

ሄንሪ ቤንስ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1813 በእንግሊዝ፣ ሰፎክ ግዛት ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምሮ፣ በለንደኑ ሴንት ጆርጅ ሆስፒታል ሕክምናን ካጠና በኋላ፣ በ1841 ወደ ጀርመን ተሻግሮ በጊሰን ከተማ ከዩስቱስ ሊቢግ ዘንድ ኬሚስትሪን ቀሰመ። የኋላ ዝናው መሠረት ይህ ጉዞ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኖቬምበር 1845 ዊልያም ማኪንታየርና ቶማስ ዋትሰን የተባሉ ሐኪሞች በጽኑ የአጥንት ሕመም ይሠቃይ የነበረን የ45 ዓመት ነጋዴ ሽንት ላኩለት። በሽንቱ ላይ ናይትሪክ አሲድ ሲጨመር የሚፈጠረው ዝቃጭ ሲሞቅ ይሟሟል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይረጋል። የእንቁላል ነጭ በሙቀት እንደሚረጋ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ቤንስ ጆንስ በመገረም ብቻ አልተወሰነም፤ መጠኑን ለክቶ ሕመምተኛው በየቀኑ ከ60 ግራም በላይ ፕሮቲን በሽንቱ ያጣ እንደነበር አሰላ። ነጋዴው በጃንዋሪ 1846 መጀመሪያ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር አጥንቶቹ በቢላ የሚቆረጡ ያህል ለስልሰው ተገኙ።

ግኝቱን በ1847 እና በ1848 አሳተመ። ንጥረ ነገሩን የአልቡሚን ኦክሳይድ ዓይነት አድርጎ መውሰዱ ስሕተት ነበር። ሆኖም አጥንት በሚለሰልስበት ሕመም ሁሉ ይኸው ንጥረ ነገር እንዲፈለግ ማሳሰቡ ከኬሚካዊ ማብራሪያው የበለጠ ዕድሜ አገኘ። የስያሜው ፍትሐዊነት ግን ያጠያይቃል፤ የሽንቱን እንግዳ ጠባይ አስቀድሞ ያስተዋለው ማኪንታየር የራሱን ዘገባ እስከ 1850 ሳያሳትም ቆየ፤ ፕሮቲኑም በቤንስ ጆንስ ስም ተጠራ።

ከ1860 ጀምሮ የሮያል ኢንስቲትዩሽን ጸሐፊ ሆኖ አገለገለ፤ በ1870ም የማይክል ፋራዳይን ሕይወትና ደብዳቤዎች በሁለት ቅጽ አሳተመ። በኤፕሪል 1873 ለንደን ውስጥ ዐረፈ።

የፕሮቲኑ ምንነት የታወቀው ከዚያ 89 ዓመታት ዘግይቶ ነው። በ1962 ጄራልድ ኤደልማንና ጆሴፍ ጋሊ በመልቲፕል ማይሎማ ሕዋሳት ያለ ልክ የሚመረት የአንቲቦዲ ቀላል ሰንሰለት መሆኑን አሳዩ። ዛሬ በማስ ስፔክትሮሜትሪ ከአንድ ዕጢ ናሙና በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች በአንድ ጊዜ ይለካሉ። በ2014 በ95 የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ዕጢ ናሙናዎች ላይ የታተመ ጥናት፣ ከመልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. መጠን ተነሥቶ የፕሮቲንን መጠን መገመት አስተማማኝ እንዳልሆነ አሳይቷል፤ ስለዚህ ፕሮቲኑን ራሱን መለካት ግድ ነው። ቤንስ ጆንስ የመዘነው ቀላል ሰንሰለትም አሁን ድረስ በማይሎማ ምርመራና ክትትል በደምና በሽንት ይለካል።