ባርኒ ሮስ፦ ከቦክስ በኋላ የመጣው ግጥሚያ

መቼም በቴሌቪዥን የቦክስ ፊልም ሳታዩ አልቀራችሁም። ብዙውን ጊዜ ታሪኩ አንድ ዓይነት ነው። ድኻ ልጅ ይነሣል፣ ይደበደባል፣ በመጨረሻ ያሸንፋል፤ ፊልሙም እዚያው ያልቃል። ዛሬ ታሪኩን የምናጫውታችሁ ሰው ግን ከባዱ ግጥሚያ የገጠመው ቦክስ ካቆመ በኋላ ነበር። ስሙ ባርኒ ሮስ ይባላል። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ግን ዶቭ ቤር ራሶፍስኪ ነው።

ወላጆቹ ዛሬ ቤላሩስ ከምትባለው አገር፣ ከብሬስት ሊቶቭስክ ከተማ፣ በአይሁድ ላይ ይደርስ የነበረውን ጥቃት ሸሽተው ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ናቸው። ልጁ በ1909 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በኒው ዮርክ ተወለደ፤ በቺካጎ አደገ። አባቱ ኢሲዶር የተማሩ፣ ቀንና ሌሊት ከመጽሐፍ የማይለዩ ሰው ነበሩ። በአዲሱ አገር ግን ትምህርታቸው እንጀራ ስላልሆናቸው፣ ማክስዌል በሚባለው የድኻ ሠፈር ትንሽ የምግብ ሸቀጥ መደብር ከፈቱ። ትናንት ሰው ተነሥቶ ይቀበላቸው የነበሩ አባት፣ ዛሬ ድንችና ሽንኩርት ሲመዝኑ መታየታቸው ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ተስፋቸው አንድ ነበር፤ ይህ ልጅ የሃይማኖት መምህር እንዲሆን። ቡጢ መሰንዘር የባለጌና የሰካራም ሥራ እንጂ የአይሁድ ልጅ ሥራ አይደለም ይሉ ነበር።

ልጁ 14 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ አንድ ማለዳ ሌቦች መደብሩ ገቡና አባትየውን ተኩሰው ገደሏቸው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ፈረሰ። እናቱ ሳራ ኀዘኑን መቋቋም አቅቷቸው ታመሙ። ሦስቱ ታናናሾቹ፣ አይዳ፣ ሳምና ጆርጅ፣ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ተወሰዱ። እሱ ዘመድ ዘንድ ተጠጋ። በፈጣሪው ላይ ተቆጥቶ ጸሎት ተወ፤ መንገድ ላይ ዋለ፤ ለወንበዴው ለአል ካፖን ሰዎች መልእክት እስከ ማድረስ ደረሰ። በዚያ ዘመን ከነበሩት ጓደኞቹ አንዱ ጃክ ሩቢ ነው፤ ይህ ሰው በ1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲን ገዳይ ኦስዋልድን በጥይት የገደለው ነው። እንግዲህ ልጁ ከማን ጋር እንዳደገ ከዚህ ገምቱ።

ይሁንና በልቡ አንድ ዓላማ ነበረው፤ ገንዘብ አግኝቶ ታናናሾቹን ወደ አንድ ቤት መመለስ። ሌላ ሙያ ስላልነበረው ቡጢ ያዘ። እናቱ እንዳይሰሙ ስሙን ባርኒ ሮስ ብሎ ለወጠ። በ1929 «ወርቃማ ጓንት» የሚባለውን የጀማሪዎች ውድድር አሸነፈና በዚያው ዓመት ለገንዘብ መጋጠም ጀመረ። ሰኔ 23 ቀን 1933 በቺካጎ ቶኒ ካንዞኔሪን በነጥብ አሸንፎ በአንድ ሌሊት የሁለት ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ከጂሚ ማክላርኒን ላይ ሦስተኛውን ሚዛን ወሰደ። ሂትለር ጀርመንን የያዘው በዚያው በ1933 መሆኑን ስታስቡ፣ በየአገሩ ያሉ አይሁድ ይህን ሰው ለምን እንደ ወንድማቸው እንደተመለከቱት ይገባችኋል። ሕፃናቱስ? ቃሉን ጠበቀ፤ ሦስቱንም ከማሳደጊያው አውጥቶ ከእናታቸው ጋር አገናኛቸው። ለእኔ ከቀበቶዎቹ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

የመጨረሻው ግጥሚያ ግንቦት 31 ቀን 1938 ከሄንሪ አርምስትሮንግ ጋር ሆነ። አርምስትሮንግ አሥራ አምስት ዙር ሙሉ ደበደበው። ረዳቶቹ ጨዋታው ይቁም ቢሉ እምቢ አለ፤ በእግሩ እንደቆመ ተሸነፈ። በ81 ግጥሚያ አንድ ጊዜም በዝረራ ተሸንፎ አያውቅም። በዚያው ሌሊት ቦክስ በቃኝ አለ። ዕድሜው ገና 28 ነበር።

በ1942 ደግሞ፣ በ32 ዓመቱ፣ በፈቃዱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ውስጥ ገባ። ዕድሜው ከወሰኑ አልፎ ስለነበር ልዩ ፈቃድ አስፈልጎት ነበር። ወደ ጓዳልካናል ደሴት ተላከና፣ በኅዳር ወር አንድ ሌሊት ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በጃፓን ወታደሮች ተከበበ። ሁሉም ቆሰሉ። እሱም ቆስሎ ሳለ የጓደኞቹን ጠመንጃና የእጅ ቦምብ እየሰበሰበ እስኪነጋ ሲዋጋ አደረ። ሲነጋ በሕይወት የተረፈውን ጓደኛውን ተሸክሞ ወጣ። የብር ኮከብ ሜዳይም ተሸለመ። በዚያው ደሴት፣ በፈረንጅ ገና ዋዜማ፣ ኦርጋን መጫወት የሚችል በመጥፋቱ አይሁዳዊው ባርኒ ለካቶሊኩ ቄስ ኦርጋን መታላቸው፤ ቀጥሎም ስለ እናት የሚዘፈን አንድ የይዲሽ ዘፈን ጨመረበት ይባላል።

አሁን ልብ ብላችሁ አንብቡ። በቁስሉና በወባው ሕመም ጊዜ ሐኪም ቤት ማስታገሻ ሞርፊን ይሰጡት ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ሕመሙም አልለቀቀው፣ ሞርፊኑም አልለቀቀው። ሐኪም ሲከለክለው ከመንገድ ሻጮች በድብቅ መግዛት ጀመረ። በቡጢ ያገኘው ሀብት ወደ መርፌ ፈሰሰ። ጀግና እየተባለ በየአዳራሹ ሲጨበጨብለት፣ ከጀርባ ገብቶ ክንዱን ይወጋ ነበር። ሚስቱ ካቲ ነገሩን ስታውቅ ተለየችው። በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን፤ ሱስ ቤት ውስጥ ሲገባ ከመርፌው በፊት የሚገባው ውሸት ነው። ደግሞም ሱስ የሰነፍ ወይም የፈሪ በሽታ ነው የሚል ካለ፣ ይህን ሰው ይመልከት። አንድ ሙሉ ሌሊት ሞትን ፊት ለፊት የገጠመ ሰው ነው።

በመስከረም 1946 ራሱ በእግሩ ሄዶ ለመንግሥት ሹማምንት እጁን ሰጠ። በኬንታኪ ክፍለ ሀገር ሌክሲንግተን ከተማ፣ መንግሥት ለሱሰኞች ወዳቋቋመው ሆስፒታል ገባ። ይህ ቦታ እስረኞችና በፈቃዳቸው የመጡ ሕሙማን አብረው የሚታከሙበት፣ ግማሹ ሆስፒታል ግማሹ እስር ቤት የነበረ ነው። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ሲያስተዉት ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ አላበው፣ አጥንቱ ታመመ። አራት ወር ገደማ ቆይቶ በ1947 መጀመሪያ ድኖ ወጣ። ስሙም በየጋዜጣው ወጣ፤ ሁሉም ሰው አወቀ። ካቲም በኋላ ተመለሰችለት።

ዋጋውን ግን ከፍሏል። በዚያ ጊዜ በሆሊውድ የሕይወት ታሪኩን ፊልም ሊያደርጉ አስበው ነበር። ሱሱ ሲሰማ ፊልም ሠሪዎቹ ስሙን ሰረዙና ሌላ ሰው ፈጠሩ። «አካልና ነፍስ» የተባለው ይህ ፊልም በ1947 ወጣ፤ ዋናውን ሰው የተጫወተው የስደተኛ አይሁድ ልጅ የሆነው ጆን ጋርፊልድ ነው። ስሙ ቢለወጥም ታሪኩ የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የአባት ትንሽ ሱቅ፣ የአባት ድንገተኛ ሞት፣ ቦክስን የምትጠላ እናት። በመካከል አንዲት የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ቤታቸው መጥታ እናቲቱን በጥያቄ ታጣድፋታለች፤ ልጁ ተቆጥቶ ያባርራታል፣ ከዚያም ገንዘብ ፍለጋ ወደ ቦክስ ይሄዳል። ፊልሙን ብታገኙ ይህችን ቦታ እዩልኝ፤ እኛ የዚህ ሙያ ሰዎች ደጋግመን ልናያት ይገባናል። የቦክሱን ትዕይንት ያነሣው ጄምስ ዎንግ ሃው፣ ካሜራ በእጁ ይዞ፣ ጎማ ያለው ጫማ አድርጎ በመድረኩ ላይ እየተንሸራተተ ነበር። ለዚያ ዘመን አዲስ ነገር ነው።

ሁለተኛው ፊልም በ1957 ሲወጣ በስሙ ነበር፤ ካሜሮን ሚቸል ባርኒን ሆኖ ተጫወተ። ርእሱ «በጀርባዬ ላይ ያለች ጦጣ» ማለት ነው፤ አሜሪካውያን ሱስን እንዲህ ይጠሩታል። ሮስ ግን ፊልሙንም ማስታወቂያውንም አልወደደም፤ ሰው ሁሉ እንደ ሱሰኛ ብቻ እንዲያየው አድርገውኛል ብሎ ከሰሳቸው። እኔም ከሁለቱ ስሙ የሌለበትን እመርጣለሁ።

ከዳነ በኋላ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የእስራኤል መንግሥት ሊመሠረት በተቃረበበት ጊዜ ከአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ ተዋጊዎች ለማሰባሰብ በግልጽ ተነሣ፤ የአሜሪካ መንግሥት ግን አልፈቀደም። በቀረው ዕድሜው ስለ አደንዛዥ ዕፅ ለወጣቶች ሲናገር ኖረ። ጥር 17 ቀን 1967፣ በ57 ዓመቱ፣ በጉሮሮ ካንሰር በቺካጎ አረፈ።

ስሙ በናታንያ አጠገብ በሚገኘው በዊንጌት የስፖርት ተቋም፣ በዓለም አቀፉ የአይሁድ ስፖርተኞች የክብር መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ዊንጌት ስል ታላላቆቻችን ይህን ስም ያውቁታል፤ ተቋሙ የተሰየመው በ1941 ከንጉሥ ኃይለ ሥላሴ ጋር በጎጃም በኩል በገባው በእንግሊዛዊው መኮንን ነው።