የአፄ ምኒልክ ሕመም፦ ስትሮክ ተመልሶ ሲመጣ

የአባትዎ አፍ ለጥቂት ደቂቃ ጣመም ብሎ፣ እጃቸው ዝሎ ወይም ምላሳቸው ተሳስሮ ቢመለስላቸው፣ ተሻላቸው ብለው ይተዉታል? መልስዎ አዎ ከሆነ፣ ይህን ታሪክ ያንብቡ።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ተወለዱ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ የ51 ዓመት ሰው ነበሩ። ማለዳ ተነሥተው ሥራ የሚጀምሩ፣ ብርቱ ንጉሥ ነበሩ።

ስትሮክ ያገኛቸው 60 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። በ1898 ዓ.ም. መጀመሪያ ታመሙ፤ ሲሻላቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በዚያው ዓመት ሕመሙ ተመለሰ። የውጭ ሐኪሞች አዩአቸው፤ ደብረ ሊባኖስም ለጸበል ሄዱ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የመጣው ምት ግን ሰውነታቸውን ሽባ አደረገ፤ አንደበታቸውንም ያዘ። ከዚያ በኋላ ከአራት ዓመት በላይ አልጋ ላይ ቆዩ። ብዙውን ጊዜ ያስታመሟቸው እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው አረፉ።

ለስትሮክ ዋነኛው መንስኤ የደም ግፊት ነው። በእሳቸው ዘመን ግን የግፊት መድኃኒት አልነበረም። መለኪያውንም ሪቫ ሮቺ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም ያስተዋወቀው በፈረንጆች 1896፣ በዓድዋው ዓመት ነበር።

እርስዎ ግን ብስራተ ገብርኤልም ይኑሩ ሌላ ሰፈር፣ በአቅራቢያዎ ባለው ጤና ጣቢያ ግፊትዎን በደቂቃዎች መለካት ይችላሉ። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ። የታዘዘልዎትን መድኃኒት ደህና ነኝ ብለው አያቋርጡ። ጸበል ሲሄዱም ይዘውት ይሂዱ።

ፊት ከጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተንተባተበ፦

• የጀመረበትን ሰዓት ያስታውሱ።
• ምግብም ውሃም አይስጡ፤ ትን ሊል ይችላል።
• ወዲያውኑ ሆስፒታል ይውሰዱ፤ ምልክቱ ቢጠፋም አይቅሩ። የሚቀጥለው ሊከፋ ይችላል።

በቤትዎ በስትሮክ አንደበቱ የተያዘ ሰው ካለ፣ መናገር ባይችልም ሊሰማና ሊገባው እንደሚችል አይርሱ። ቀስ ብለው፣ በአጭሩ ያነጋግሩት። ስለ እሱ ሲነጋገሩም እንደሌለ አይቁጠሩት።